የላቀ ኬሚስትሪ ኮርስ፦ ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ኮርሱን ለመጀመር ስታስቡም ሆነ ከጀመራችሁ በኋላ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየሄድኩ መልሼዋለሁ።

ይህ ኮርስ ከመደበኛው የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ በምን ይለያል?

አብዛኞቹን ርዕሶች ቀድማችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አተም፣ ቦንድ፣ ጋዝ፣ አሲድና ቤዝ አዲስ አይሆኑባችሁም። የሚለየው የጥያቄው ዓይነት ነው። ቀደም ሲል «ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ስንት ነው?» ትባሉ ነበር። እዚህ «ለምን ይህን ያህል ሆነ?» የሚለው ይከተላል። ከባዱም እሱ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። 0.10 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.10 ሞል) የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 1.00 ነው። እኩል ሞላሪቲ ያለው አሴቲክ አሲድ ግን 2.9 አካባቢ ነው። ቁጥሮቹን ማስላት የሥራው ግማሽ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ አዮን (ቻርጅ ወዳለው ቅንጣት) ይለወጣል። ከአሴቲክ አሲድ ግን ከመቶ ሞለኪውል አንድ ያህሉ ብቻ ነው የሚለወጠው። ይህን በራሳችሁ ቃል ማስረዳት ሌላው ግማሽ ነው። ኬሚካል ኢኩሊብሪየም፣ የሪአክሽን ፍጥነት፣ ቴርሞዳይናሚክስና ኤሌክትሮኬሚስትሪም ከበፊቱ በእጅጉ ጠልቀው ይመጣሉ።

ለመግባት ምን ምን ማወቅ አለብኝ?

ሦስት ነገሮችን ሳትቸገሩ መሥራት አለባችሁ፦ የውሁዶችን ስምና ቀመር መጻፍ፣ የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠን፣ ግራምን ወደ ሞል ሞልን ወደ ግራም መቀየር። ከሦስቱ ሞል ይበልጣል። አንድ ሞል ማለት 6.022 × 10²³ ቅንጣት ነው። (ከ2019 ጀምሮ ይህ ቁጥር በመለካት የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ በትርጉም ተወስኗል፤ ሙሉው 6.02214076 × 10²³ ነው።) ሞል ላይ የሚንገዳገድ ተማሪ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ይህችን አንዷን አጥብቃችሁ ያዙ።

ፔሪዮዲክ ቴብልና የቀመር ወረቀት ፈተና ላይ ይሰጣችኋል። በቃል መያዝ ያለባችሁ ጥቂት ነው። ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ አሞኒየም፣ ሃይድሮክሳይድና አሴቴት የተባሉትን አዮኖች ከነቻርጃቸው ልታውቁ ይገባል። ጠንካራ የሚባሉትን አሲዶችም እንዲሁ፦ ሃይድሮክሎሪክ፣ ሃይድሮብሮሚክ፣ ሃይድሮአዮዲክ፣ ናይትሪክ፣ ሰልፈሪክና ፐርክሎሪክ። ከዚህ ውጪ መሸምደድ ብዙ አይጠቅማችሁም።

ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ይከብደኛል?

ካልኩለስ የለም። የሚያስፈልገው አልጀብራ፣ ሬሾ፣ ሳይንቲፊክ ኖቴሽንና ሎጋሪዝም ነው። ሎጋሪዝም የሚያስፈራችሁ ከሆነ ለጊዜው ይህን ብቻ ያዙ፦ ፒኤች በአንድ ሲቀንስ የሃይድሮጅን አዮኑ ክምችት በአሥር እጥፍ ይጨምራል።

እንደማየው ከሆነ ተማሪ የሚሳሳተው ከሒሳቡ ይልቅ አሃዱ ላይ ነው። የጋዝ ቋሚ ቁጥር በሊትርና በአትሞስፌር ሲሠራ 0.08206 ነው፤ በጁል ሲሠራ 8.314 ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ከከተታችሁ አልጀብራው ምንም ቢያምር መልሱ ገደል ይገባል። ሙቀትም ከሴልሺየስ ወደ ኬልቪን ሳይቀየር ጋዝ ቀመር ውስጥ መግባት የለበትም፤ 273.15 ደምሩበት። በየመስመሩ አሃዱን ጻፉ። ይህን ልማድ ያደረገ ተማሪ ግማሹን ስህተት ራሱ ያገኘዋል።

በሳምንት ስንት ሰዓት ማጥናት ይጠበቅብኛል?

ከክፍል ውጪ አምስት ሰዓት ገደማ አስቡ። የላብ ሪፖርት ያለበት ሳምንት ትንሽ ከፍ ይላል። ዋናው ግን አከፋፈሉ ነው። በየቀኑ አርባ አምስት ደቂቃ የሚሠራ ተማሪ፣ እሑድ ማታ አምስት ሰዓት ተቀምጦ ከሚያነብ ተማሪ በጣም ይሻላል። ማንበብ ስል ደግሞ ጥያቄ መሥራት ማለቴ ነው። የተሠራ ምሳሌ እያዩ «ገብቶኛል» ማለት ቀላል ነው። ወረቀቱን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩትና ያኔ ገብቷችሁ እንደሆነ ታያላችሁ።

ምን ይዤ ልምጣ?

ሎጋሪዝም የሚሠራ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ ገጹ የማይገነጠል የላብ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጋውን። መነጽሩን ላብ ይሰጣችኋል። ስልክ በካልኩሌተር ምትክ ፈተና ላይ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የራሳችሁን ካልኩሌተር ልመዱት።

የላብ ሕጎቹ ይህን ያህል የጠበቁት ለምንድን ነው?

ዓይን መተኪያ ስለሌለው ነው። ጓደኛችሁ ሥራውን ቢጨርስም፣ እናንተም ጨርሳችሁ ዕቃ እያጠባችሁ ቢሆንም፣ ላብ ውስጥ አንድ ሰው እየሠራ እስካለ ድረስ መነጽር አይወልቅም። ፀጉር ይታሰራል። ጫማ የተሸፈነ ይሆናል። ማስቲካን ጨምሮ ምንም የሚበላ ነገር አይገባም። ቦርሳ ከመተላለፊያ ይነሳል። ማንም ብቻውን አይሠራም።

ለእያንዳንዱ ሕግ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ብታውቁት ደግሞ አትረሱትም። አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ብዙ ሙቀት ይወጣል። ውኃው ከላይ ከፈሰሰበት እዚያው ይፈላና አሲዱን ይዞ ይፈናጠራል። ከጠርሙስ የቀዳችሁት ኬሚካል ቢተርፍ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም፤ የሁሉንም ሰው ሙከራ ያበላሻል። የጋለ ብርጭቆ ደግሞ በዓይን ሲታይ ከቀዝቃዛው አይለይም፤ ከመንካታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ ጠጋ አድርጋችሁ ሙቀቱን እዩ።

አንድ ነገር ዓይናችሁ ውስጥ ቢገባ አትፈሩ፣ አትደብቁም። ወዲያው ተጣሩ፤ የዓይን መታጠቢያው ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ትታጠባላችሁ። ዕቃ ስለሰበረ ወይም ኬሚካል ስለደፋ ማርክ የሚቀነስበት ተማሪ የለም። የሚቀጣው የደበቀ ነው። ሕግ የጣሰ ተማሪ አንዴ ይነገረዋል፤ ከደገመ በዚያ ቀን ከላብ ይወጣል፣ የዚያ ሙከራ ውጤትም አይያዝለትም። እዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም።

ቪዲዮ ላይ ያየነውን ባለቀለም እሳት ለምን አንሠራም?

እንሠራዋለን፤ በሜታኖል ግን አይደለም። ጨው ላይ ሜታኖል እያፈሰሱ ማቀጣጠል ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን የሜታኖል ተን በቀላሉ ይቀጣጠላል። እሳቱ የጠፋ መስሎ ከጠርሙሱ ሲጨመርበት ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ተመልሶ ወደ ተማሪዎቹ ይወረወራል። በተለያዩ ቦታዎች ተማሪዎች በዚህ ትዕይንት ክፉኛ ተቃጥለዋል። እኔ ባለሁበት አይደረግም።

በምትኩ የጨው ሙሙት ውስጥ የተነከረ የእንጨት ስንጣሪ በበርነር ነበልባል ላይ እንይዛለን። ሊቲየምና ስትሮንቲየም ቀይ፣ ሶዲየም ደማቅ ቢጫ፣ ፖታሲየም ሐመር ሐምራዊ፣ ኮፐር አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይሰጣል። ቀለሙ ያው ነው፣ ትምህርቱም ያው ነው። ሶዲየም ግን ትንሽም ብትሆን ሌላውን ቀለም ትውጣለችና ስንጣሪዎቹን አታቀላቅሉ።

የላብ ደብተሬ ተዝረክርኳል። በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ላስረክብ?

አይሆንም። የላብ ደብተር የሚጻፈው እዚያው፣ ሙከራው እየተሠራ፣ በእስክሪብቶ ነው። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ፍሉድ መቀባት፣ መደምሰስ፣ ገጽ መገንጠል አይፈቀድም። አንዳንዴ የሰረዛችሁት ቁጥር ትክክለኛው ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ታመሰግኑታላችሁ።

የኬሚካል ጠብታ ያረፈበትና የተሰረዘበት ደብተር ማርክ አያሳጣችሁም። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት የገለበጠ ግን ያሳጣዋል። ሪፖርቱ ነው ንጹሕ መሆን ያለበት።

የሙከራዬ ውጤት ከትክክለኛው ቁጥር ካልገጠመ ማርክ አጣለሁ?

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ አታጡም። ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ኮርሱን በሙሉ የሚነካ ነገር ነውና።

ሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል አሙቀን በውስጡ ያለውን ውኃ የምንለካበትን ሙከራ እንውሰድ። በስሌት የውኃው ድርሻ 36.1 በመቶ ነው። አንድ ቡድን 2.50 ግራም አሙቆ 1.60 ግራም ቀረለት እንበል። 0.90 ግራም ሄዷል፤ ያ 36 በመቶ ነው፣ መልካም። ሌላው ቡድን 39 በመቶ አገኘ። ሦስተኛው 32። ማነው የተሻለ የሠራው? ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ መመለስ አትችሉም።

39 ያገኘው ቡድን ደብተሩን ሲገልጥ «በጣም ስናሞቀው ክሪስታሉ እየተንጣጣ ከክሩሲብሉ (ከማሞቂያው ስኒ) ውጪ ተፈናጠረ» የሚል ጽፏል። እንግዲህ ከውኃው ጋር ጨውም ሄዷል፤ የጠፋው ክብደት የበዛው ለዚህ ነው። 32 ያገኘው ደግሞ «ከሥሩ ትንሽ ሰማያዊ ቀርቶ ነበር» ብሏል። ውኃው ገና አላለቀም። ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ መመዘን፣ ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም ድረስ መደጋገም ነበረበት። ሁለቱም ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። 36.1 ጽፎ ደብተሩ ውስጥ ምንም የታየ ነገር ያላሰፈረ ቡድን ግን አያገኝም። በሪፖርቱ ላይ «የሰው ስህተት ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አልቀበላትም። የቱ ስህተት? ውጤቱን ወደ ላይ ነው የገፋው ወደ ታች? እሱን ንገሩኝ።

መልሴ ልክ ነው። ታዲያ ለምን ተቀነሰብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ስላልታየ ነው። መልስ ብቻ የተጻፈበት ጥያቄ፣ መልሱ ልክ ቢሆንም፣ ከጠቅላላ ማርኩ ትንሹን ብቻ ያገኛል። በተቃራኒው የመጀመሪያው መስመር ላይ የሞላር ማሱን (የአንድ ሞሉን ክብደት) ብትሳሳቱና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያ ቁጥር በትክክል ከተሠራ፣ የምታጡት የአንዷን መስመር ማርክ ብቻ ነው። ስህተቱ እየተከተለ ደጋግሞ አይቀጣችሁም። ለዚህ ግን መንገዱን ማየት አለብኝ።

ሁለተኛው ምክንያት ሲግኒፊካንት ፊገር፣ ማለትም ልኬቱ በእርግጥ የሚደግፋቸው አሃዞች ብዛት፣ ነው። ከላይ ባየነው ሙከራ 2.50 ሲቀነስ 1.60 ውጤቱ 0.90 ነው፤ ሁለት አሃዝ ብቻ ቀረው። ስለዚህ መልሱ 36 በመቶ ነው። 36.000 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሚዛኑ ያልነገራችሁን ነገር ተናግራችኋል። ካልኩሌተሩ ስለጻፈው ብቻ አታምጡት። በአንድ ፈተና በሲግኒፊካንት ፊገር የሚቀነሰው አንድ ማርክ ብቻ ነው፤ በየጥያቄው አይደለም።

አሳይመንት ዘግይቼ ባስገባስ?

በቀን አሥር በመቶ ይቀነሳል። መልሱን ክፍል ውስጥ አብረን ከሠራነው በኋላ ግን አልቀበልም፤ የዚያን ጊዜ የምታስገቡት የእኔን ሥራ ነውና። ሕመም፣ ሐዘን ወይም ሌላ ከባድ ነገር ከገጠማችሁ ንገሩኝ፣ ቀን እንቀይራለን። ከተቻለ ቀኑ ከማለፉ በፊት ንገሩኝ። በየወሩ አንዴ፣ ምንም ምክንያት ሳትሰጡ፣ አንድ አሳይመንት በሁለት ቀን ማዘግየት ትችላላችሁ።

ላብ በነበረበት ቀን ብቀርስ? የጓደኛዬን ዳታ መውሰድ እችላለሁ?

በሁለት ሳምንት ውስጥ የማካካሻ ቀን አለ፤ በዚያ መጥታችሁ ትሠሩታላችሁ። ማካካስ የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሙሙቱ ከርሞ የማይቆይ ከሆነ፣ ዳታ እኔ እሰጣችኋለሁ። ሪፖርቱም የማን ዳታ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል።

ማካካሻውን የምወደው ላብ በወሬ ስለማይተላለፍ ነው። ታይትሬሽን ላይ (አሲድ ላይ ቤዝ እየለካን ስንጨምር) ፌኖልፍታሊን የሚባለው ቀለም ጠቋሚ ወደ ሮዝ ሲሄድ፣ በመጀመሪያ ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ብቻ ይቀላና ሲያወዛውዙት ይጠፋል። እየቆየ መጥፋቱ ይዘገያል። ያኔ ነው የቡሬቱን (የመለኪያ ቱቦውን) መክፈቻ አጥብቃችሁ ጠብታ በጠብታ መሄድ ያለባችሁ። ሐመር ሮዙ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ ከቆየ ደርሳችኋል። ደማቅ ሮዝ ከሆነ አልፋችኋል። ይህን እጅ እንጂ ማስታወሻ አያስተምረውም።

ከጓደኛ ጋር መሥራት ይቻላል? ኩረጃ የሚባለውስ የቱ ጋ ይጀምራል?

አብራችሁ ሥሩ፤ እኔም እገፋፋችኋለሁ። ጥያቄ ላይ ተከራከሩ፣ አንዱ ለሌላው ያስረዳ። ስትጽፉ ግን ለየብቻ ጻፉ። ቀላሉ መለያ ይህ ነው፦ ከጓደኛችሁ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ የእሱን ወረቀት ሳታዩ ባዶ ገጽ ላይ መሥራት ከቻላችሁ ሥራው የእናንተ ነው። ካልቻላችሁ ኩረጃ ነው። የላብ ዳታ ከቡድናችሁ ጋር የጋራ ነው፤ ስሌቱ፣ ግራፉና ማብራሪያው የየራሳችሁ ነው።

ኤአይ መጠቀምስ?

ያልገባችሁን ሐሳብ በሌላ መንገድ እንዲያስረዳችሁ ብትጠይቁት አልከለክልም። ተጨማሪ መለማመጃ ጥያቄ እንዲያወጣላችሁም ማድረግ ትችላላችሁ። አሳይመንቱን እንዲሠራላችሁ ወይም የላብ ሪፖርቱን እንዲጽፍላችሁ ማድረግ ግን ከኩረጃ ለይቼ አላየውም። የተጠቀማችሁበትን ቦታ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ግለጹ።

ኤአይ የተሳሳተ ስሌት በሙሉ እርግጠኝነት ሊሰጣችሁ ይችላል። አሃድ ይቀላቅላል፣ ያልተመጣጠነ እኩልታ ይጽፋል። ስህተቱን ለመያዝ ደግሞ ጉዳዩን ማወቅ ያስፈልጋል። በተጨማሪም የእናንተ ክሪስታል መፈናጠሩን አላየም። ጥርጣሬ ካደረብኝ አልከስም፤ ጠርቼ «ይህችን መስመር አስረዳኝ» ወይም «አስረጂኝ» እላለሁ። ያስረዳ ተማሪ ማርኩን ይዞ ይሄዳል።

ፈተና ወደቅኩ። ድጋሚ መፈተን እችላለሁ?

በአንድ መንፈቅ አንድ ፈተና መድገም ትችላላችሁ፤ ከሁለቱ ከፍ ያለው ይያዛል። ፋይናል አይደገምም። ለመድገም በቅድሚያ የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ እንደገና ሠርታችሁ፣ ምን አስባችሁ እንደተሳሳታችሁ ከጎኑ መጻፍ አለባችሁ። «አላነበብኩም» በቂ አይደለም። «ገዳቢውን ሪአክታንት (ቀድሞ የሚያልቀውን) ለማግኘት በግራም አወዳደርኩ፤ በሞል ነበር ማወዳደር የነበረብኝ» ዓይነት ይሁን። እንዲህ ለይቶ የጻፈ ተማሪ ሁለተኛው ላይ ሲሻሻል ደጋግሜ አይቻለሁ።

ወላጅ ነኝ። ልጄ ሁልጊዜ አንደኛ ነበረች፤ አሁን ማርኳ ወረደ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ እርስዎም እሷም አይደንግጡ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ መውረድ እዚህ ኮርስ ውስጥ የተለመደ ነው። እስካሁን በማስታወስ ጥሩ ማርክ ያገኘች ልጅ አሁን ማስረዳት ስትጠየቅ ጊዜ ይወስድባታል። ማርኩን ከመጠየቅ ይልቅ ሥራዋን ይጠይቋት። «እስቲ ይህን ለእኔ አስረጂኝ» ይበሏት። ኬሚስትሪ ባያውቁ እንዲያውም ይሻላል፤ ላላወቀ ሰው ማስረዳት ከባድ ልምምድ ነው።

እኔ ጋ መምጣት ሲፈልጉ ከልጅዎ ጋር ይምጡ። ስለ እሷ እሷ በሌለችበት መነጋገር ብዙ አይጠቅማትም። አሳይመንቷን ግን እባክዎ አይሥሩላት፤ አስጠኚ ቢቀጥሩላትም እሱም እንዳይሠራላት ይንገሩት።

ኮርሱን ትቼ ወደ መደበኛው ብመለስ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ጥያቄው ለምን ትወጣላችሁ ነው። በሳምንት አምስት ሰዓቱን እየሠራችሁ፣ ጥያቄ እየጠየቃችሁ፣ ማርካችሁ ብቻ ዝቅ ካለ ቆዩ፤ ከሁለተኛው ፈተና በኋላ እንነጋገር። እንቅልፍ እያጣችሁ፣ ሌላው ትምህርት ሁሉ እየወደቀ፣ ላብ መግባት እያስጠላችሁ ከሆነ ግን መደበኛው ኮርስ የተሻለ ያስተምራችኋል። በደንብ የተማረ መደበኛ ኬሚስትሪ በጭንቅ ከታለፈ የላቀ ኬሚስትሪ የበለጠ ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃል። ከመወሰናችሁ በፊት አንዴ አነጋግሩኝ፤ ልከለክላችሁ አይደለም።

የላብ ጓደኛዬ ቁጥር ፈጥሮ ጻፈ። ስሜ አብሮ አለበት። ምን ላድርግ?

ከማስረከባችሁ በፊት ኑ። ጓደኛን ማሳጣት መስሎ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ግን ይህ ኮርስ ላይ እንደ ፈጠራ ዳታ የሚያሳዝነኝ ነገር የለም። የተሳሳተ ስሌት ይታረማል፤ ያልተለካ ቁጥር ግን ምኑ ይታረማል?

ደግሞም ይታወቃል። ሶዲየም ታዮሰልፌትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀላቅለን፣ ከቢከሩ ሥር ያለው የመስቀል ምልክት በሰልፈሩ ድፍርስ እስኪጠፋ የምንቆጥርበትን ሙከራ አስቡ። እውነተኛ ሰዓት 41፣ 44፣ 40 ሰከንድ እያለ ይወዛወዛል፤ መስቀሉ ጠፋ የምትለው ዓይን ናትና። 42፣ 42፣ 42 የሚል ሲመጣ ወዲያው ቆም እላለሁ።

ከማስረከባችሁ በፊት ለነገረኝ ተማሪ ምንም ቅጣት የለም፤ ቁጥሩን የፈጠረው ራሱ መጥቶ ከተናገረም እንዲሁ። ከተረከብኩ በኋላ ከተገኘ ግን ሁለታችሁም የዚያ ሙከራ ውጤት ዜሮ ይሆናል፤ ወላጅም ይጠራል። ጊዜ ካለ ሙከራውን በማካካሻው ቀን እንደገና ትሠሩታላችሁ። ከሌለ ደግሞ የለካችሁትን ብቻ ይዛችሁ፣ የጎደለውን «አልተለካም» ብላችሁ ጻፉና አስረክቡ፤ በዚያ ዳታ ላይ ተመሥርቼ አርማለሁ።